ባለ አንድ ዓይን ወታደሮች

ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ጋራዥ አለ። ባለፈው ዓመት ለሠርግ ሄጄ ከመኪና ስወርድ፣ የባጃጅ በር መሬት ላይ ዘርግተው ጥቁር ቀለም ሲረጩ ደረስኩ። ሽታው ገና ሲመታኝ መዳፌ በላብ ራሰ። ሻንጣዬን አስቀምጬ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ሊቀበለኝ የመጣው የአክስቴ ልጅ ምነው አመመሽ እንዴ ቢለኝ፣ የመንገዱ ድካም ነው አልኩት። ምን ልበለው? ቀለም ሸተተኝና ፈራሁ ይባላል?

እውነቱ ግን እሱ ነው። ያ ሽታ ለእኔ ሦስተኛ ክፍል የነበርኩበት የአጨዳ ወቅት ነው። ስንዴው ደርሶ የሮቤ ዙሪያ ቢጫ የሆነበት፣ ጠዋት ጠዋት አመዳይ ሣሩን የሚያነጣበት ጊዜ። ያን ወቅት አባቴን ከጠላት ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ጠላቶቹ ከአውራ ጣቴ አይበልጡም ነበር። የሚኖሩትም ሳሎናችን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ ነበር።

መጀመሪያ ፈሪነቴን ልናገር፤ እሱን ካላወቃችሁ ሌላው አይገባችሁም። የማልፈራው ነገር አልነበረም። ውሻ፣ ነጎድጓድ፣ መርፌ፣ የሽንት ቤቱን ቀዳዳ፣ የሒሳብ አስተማሪያችንን ሳል። ከሁሉ የከፋው ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነር ነው። አጨዳ ሲደርስ ወደ ሲናና እርሻዎች የሚሄዱት ኮምባይነሮች በደጃችን ነበር የሚያልፉት፤ መንገዱን ሞልተው፣ ጥርሳቸውን ወደፊት አድርገው። ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል። እኔ ጠረጴዛ ሥር እገባለሁ፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። ጣቶቼን አንድ ላይ ብጨብጣቸውም አይቆምልኝም። እማዬ ትስቅብኛለች። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ተይ አንቺ ልጅ!" ትለኛለች። እኔ ግን ከዚያ ጠረጴዛ ሥር አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ እጅ የሚንቀጠቀጠው ሰው ሲፈራ ነው። ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

አባዬ ቀዶ ሐኪም ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ መንግሥት ባሌ መድቦት መጥቶ፣ የጎባዋን እማዬን አግብቶ እዚያው ቀረ። ቤታችን ሮቤ፣ ሥራው ጎባ ስለነበር በየቀኑ በሚኒባስ ይመላለሳል። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ሲስቅ እንኳ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። አንድ ዓመት አብሮት የሠራ የውጭ አገር ሐኪም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ይመጣና፣ ጠረጴዛው ላይ ትናንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች ደርድረው ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። ሰውዬው አገሩ ሲገባ ሳጥኑን እንዳለ ለአባዬ ተወለት። ውስጡ ገና ያልተቀቡ ግራጫ ሰዎች፣ ጣት የማያህሉ የቀለም ጠርሙሶችና ቀጫጭን ብሩሾች ነበሩበት። አባዬም አብሮት የሚጫወት ሲያጣ መቀባቱን ብቻ ያዘ።

እንዴት እንደሚሠራ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ወታደሩን ከተያያዘበት ፍሬም በጥፍር መቁረጫ ይቆርጠዋል፣ ትርፉን በምላጭ ይፍቀዋል። ክንዱንና ጭንቅላቱን በሱፐር ግሉ ይለጥፍና የለስላሳ ቆርኪ ላይ ያቆመዋል፤ የሚጨበጠው ቆርኪው ነው እንጂ ሰውዬው አይነካም። ከዚያ በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ ከጋራዥ በገዛው የመኪና ስፕሬይ ከራስ እስከ እግሩ ጥቁር ያደርገዋል። ጥቁሩ ካልቀደመ ሌላው ቀለም አይይዝም ይለኝ ነበር። ሲደርቅ፣ የተሰበረ ሴራሚክ ላይ ቀለሙን በውኃ ያቀጥንና ልብሱን፣ ቆዳውን፣ ብረቱን በየተራ ይቀባል። ዓይን መጨረሻ ነው፤ ነጭ ነጥብ፣ ነጩ ላይ ደግሞ ጥቁር ነጥብ። ለእሱ ማጉያ መነጽር ያደርጋል፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ይተክላል፣ የሁለት እጆቹን አንጓ ያጋጥማል፣ ትንፋሹን ይይዛል። እኔም አጠገቡ ሆኜ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ገሚሶቹ ጋሻ የያዙ ደህና ሰዎች ነበሩ፤ እነሱን እወዳቸዋለሁ። ሌሎቹ ግን ቀንድ ያላቸው፣ አፋቸውን የከፈቱ፣ መጥረቢያ ያነሡ ናቸው። ግራጫ ሳሉ ምንም አይመስሉኝም። ዓይን ሲገባላቸው ግን ሰው ማየት ይጀምራሉ። እራት ስንበላ ቡፌው ላይ ተደርድረው ወደ አባዬ ወንበር ያያሉ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሱ። እማዬም አትወዳቸውም፣ ምክንያቷ ግን ሌላ ነው። የሰው ባል ቤት ይሠራል፣ የኔው ቀንድ ይቀባል ትለዋለች። አባዬ ትከሻው ይስቅና፣ እጁ እንዳይሰንፍ ልምምድ እንደሆነ ይነግራታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እማዬ ገበያ ሄዳ፣ እኔ ከደጅ ስገባ አባዬ የቀንዳሞቹን አለቃ ይዞ ተቀምጧል። ዓይን ላይ እንደደረሰ መነጽሩን አይቼ አወቅሁና እንዳልረብሸው መጋረጃው ጋ ቆምኩ። ብሩሹን አቀረበ። ነጩ ነጥብ ጉንጩ ላይ አረፈ። ጠረገውና እንደገና አቀረበ፤ አሁን አፍንጫው ላይ ሆነ። የብሩሹ ጫፍ አየር ላይ ይርገበገባል። ኮምባይነር እያለፈ ይሆናል ብዬ አዳመጥኩ። የለም፣ ብርጭቆዎቹ ዝም ብለዋል። የሚንቀጠቀጠው የአባዬ እጅ ነው። ብሩሹን አስቀመጠና ሁለቱን እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ከትቶ ጨመቃቸው። ፊቱን አየሁት። ከዚያ በፊት እሱ ላይ አይቼው አላውቅም፣ ግን ለየሁት፤ ጠረጴዛ ሥር ሆኜ የማደርገው ፊት ነው። አባዬ ፈርቷል።

ደም አይቶ የማይደነግጥ፣ የሰው ሆድ የሚከፍት፣ ግቢ ውስጥ ኮሽ ሲል በባዶ እጁ የሚወጣ ሰው እኮ ነው። እሱ እንዲህ የሚፈራቸው ከሆነ እኔ የት ልግባ? ቀስ ብዬ ወደ ኋላዬ ሄጄ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ እማዬ ከገበያ እስክትመለስም እዚያው ነበርኩ።

በማግስቱ ጠራኝ። "ነይ ቤዛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዓይን ያንቺ ሥራ ነው" አለኝ። የልጅ እጅ ትንሽ ስለሆነ ለዓይን ይሻላል አለ። እማዬ ይቺን ፈሪ ነው የምትሾማት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱ የገባኝ መስሎኛል፤ ዓይን ሲያስገባላቸው ፊት ለፊት የሚያዩት እሱን ስለሆነ እኔን በቦታው ተካ ብዬ ነው ያሰብኩት። እንዳሳየኝ አንጓዬን አጋጥሜ፣ ትንፋሼን ይዤ ለአለቃቸው ዓይን አስገባሁለት። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል፣ እጄ ግን ዝንፍ አላለም። አባዬ ጎበዝ ብሎ ራሴን ሳመኝ። እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ ይኸው ነው። እየፈራሁ እጄ ካልተንቀጠቀጠ፣ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት እኔን ሳይሆን እሱን ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከእጁ አላነሣሁም። አንዴ ካየሁት በኋላ ደግሞ ሁሉም ቦታ ነበር። ስኳር ሲጨምር ማንኪያው ብርጭቆውን ያንጫጫዋል። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ሳይቆልፍ መውጣት ጀመረ። ሻዩን የሚያነሣው እማዬ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቆ ነው። አንድ ቀን ሸሚዙ ላይ ሲፈስበት አየችው። የሮቤ ብርድ እኮ ነው አላት። እሷም እውነትህን ነው፣ የዘንድሮው አጥንት ይሰብራል ብላ ሹራብ አመጣችለት። ሮቤ ተቀምጦ በብርድ የማያመካኝ ማን አለ?

አጥር የሚጋራን ቤት የአዳዳ ሞሚና ነበር። አዳዳ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። ዘመዴ አይደለችም፣ ግን በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም፤ እሷም "ኢንተላ ኮ"፣ ልጄ፣ ነው የምትለኝ። ከደሎ መና የሚመጣ ማር ትሸጣለች። ድምፅዋ ከሱቋ መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ያወጣላት አባዬ ነው፤ ያን ጊዜ እሷም ሕፃኑም ተስፋ ተቆርጦባቸው ነበር ይባላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ያን ወቅት እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ይኼኛውም በኦፕራሲዮን እንደሚሆን ተነግሯታል። የሚጠይቃት ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነው የሚያገኘው፤ ከአላህ በታች ዶክተር አለልኝ፣ ከእሱ እጅ ሌላ ሆዴን የሚነካ የለም። ይህን ስትል አባዬ አጠገቧ ካለ እጁን ኪሱ ይከታል። እኔ ሆዷን አያለሁ። የኦፕራሲዮኑን ምላጭ ይዞ ሳለ እነዚያ ቀንዳሞች ትዝ ቢሉትስ? አዳዳ ሞሚናን ቢገድላትስ? ይህ ሐሳብ ክፍል ውስጥ ድንገት ይመጣብኝና የአስተማሪውን ድምፅ አልሰማም ነበር።

በዚያው ሰሞን እሑድ ጎባ፣ የእማዬ አባት ዘንድ ሄድን። አያቴ ሲያስቀድስ የኖረ ሰው ነው፤ ቅዳሴ ሲያልቅ እጄን ይዞ የግድግዳውን ሥዕል ያስጎበኘኛል። የዚያን ቀን ሰይጣኑ ፊት ቆምን። ቀንድ አለው። በጎን ስለተሳለ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ለምን አንድ ሆነ ብዬ ጠየቅሁት።

"ክፉ እንዲህ ነው የሚሳለው" አለኝ። "ሁለት ዓይን ለጻድቃን ነው። ለክፉ ሁለቱንም ከሰጠሽው ፊት ለፊት ያይሻል። ምን ሊያደርግ ያየናል?"

ለአለቃቸው ሁለት ዓይን የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ሌሎቹንም አባዬ ባለማወቅ ባለ ሁለት አድርጓቸዋል። በስሕተት ሁለት የተሳለለት ቢኖርስ አልኩት። አያቴ የልጅ ጨዋታ መስሎት ጢሙን እያሻሸ፣ እንግዲያው አንዱን ማጥፋት ነዋ አለኝ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ አዳዳ ሞሚና ጋ ነበረች። ወንበር ጎትቼ ቆምኩበትና ቀንዳሞቹን አንድ በአንድ አወረድኳቸው። በስመ አብ እያልኩ የየአንዳንዳቸውን ግራ ዓይን በጥቁር ደፈንኩ። አለቃቸው ላይ ስደርስ የተከፈተው አፉ ጣቴን የሚይዘው መሰለኝና ቆርኪውን ልጥለው ምንም አልቀረኝም። ደፈንኩት። ምንም አላደረገኝም። ወደ ቡፌው ስመልሳቸው የቀረው ዓይናቸው ግድግዳውን እንዲያይ አዙሬ አቆምኳቸው። ከዚያ ሜዳ ወጥቼ እስኪደክመኝ ሮጥኩ።

በማግስቱ ማታ አባዬ ሻዩን አንሥቶ እማዬ ፊት ጠጣ። ጠብ አላለም! አዳዳ ሞሚና ስለ ኦፕራሲዮኑ ልትጠይቅ መጣች፤ አባዬም ቀኑን ቆርጦ ነገራት፣ እኔው ነኝ የምሠራልሽ አላት። ደስታዬን የት ላድርገው? ለማንም መናገር ስለማልችል የአዳዳ ሞሚናን ጉልበት አቀፍኩ፤ ምን ሆናለች ይቺ ልጅ ብላ ሳቀች። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ግን በረንዳ ላይ ተቀምጬ አባዬ ሲገባ፣ ቁልፉ በሩን ሲያንኳኳ ሰማሁ። ቀዳዳውን ያጣዋል፣ ብረቱን ይነካል፣ ያጣዋል። በግራ እጁ ቀኝ እጁን ደግፎ ነው የከፈተው። አንድ ዓይንም ይበቃቸዋል ማለት ነው። የኦፕራሲዮኑም ቀን እየደረሰ ነበር።

ሁለተኛውንም ልደፍን ቆረጥኩ። ዓርብ ከሰዓት እንደገና ወንበሩ ላይ ቆሜ፣ ብሩሽ በእጄ እንደያዝኩ በሩ ተከፈተና አባዬ ገባ። ምን እየሠራሽ ነው አለኝ። ከወንበሩ አወረደኝና አንዱን አንሥቶ አየው፣ ሌላውንም አየ። ትከሻው መሳቅ ጀመረ። ሁሉንም አንድ ዓይና ያደረገብኝ ማነው አለ። እንዳያዩህ ብዬ ነው አልኩት። ቢያዩኝስ አለ፣ አሁንም እየሳቀ።

"ትፈራቸዋለሃ። እጅህ የሚንቀጠቀጠው እነሱን ፈርተህ ነው።"

ትከሻው ቆመ። ወታደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ አስቀምጦም እጁን አላነሣም። ሲንቀጠቀጥ የት አየሽኝ አለኝ። ስኳሩን ነገርኩት፣ የበሩን ቁልፍ፣ የሸሚዙን ቁልፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሲያበራ ያየሁትን፣ እጁን ኪሱ መክተቱን። በጣቶቼ እየቆጠርኩ ነበር፤ ጣት አለቀብኝ። እየሰማኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እማዬስ ታውቃለች ብሎ ጠየቀኝ። ብርድ ነው ትላለች አልኩት። ፊቱ ፊቴ ጋ እስኪደርስ ጎንበስ አለ።

"እነሱን አይደለም የምፈራው፣ ቤዚ። እጄን ነው።"

በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ቀንዳም ቢሆን ዓይኑን ይደፍኑታል፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው አፈር ሥር ይቀብሩታል። የገዛ እጅን ምን ያደርጉታል? አለቀስኩ። አላባበለኝም። ከዚያ እናትሽንና ሞሚናን ጥሪልኝ አለኝ።

ሁለቱም አብረው መጡ። አዳዳ ሞሚና ማር የነካ ጣቷን በሻርፗ እየጠረገች፣ ቀኑ ተቀየረ እንዴ ዶክተር እያለች ነው የገባችው። አባዬ ቀለሞቹን ወደ ዳር ገፋና፣ ክርኑን ምንም ሳያስደግፍ ሁለት እጆቹን ፊት ለፊቱ ዘረጋ።

"ሞሚና፣ እዪው" አላት።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። እማዬ ምን እናይልሃለን ብላ ልትቀልድ ነበር። ከዚያ ጀመረ፤ አስቀድሞ አውራ ጣቱ፣ ቀጥሎ መላ ቀኝ እጁ። ከሰሉ ተቀጣጥሎ ቤቱ ሞቆ ነበርና ብርድ የሚባል ሰበብ እንኳ አልነበረም። እማዬ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

"ከጀመረኝ ከርሟል" አለ አባዬ። "ይተወኛል ስል፣ ይተወኛል ስል ደበቅኋችሁ። ማታ ማታ እነዚህን የምቀባው አሁንስ ተሻለኝ ወይ ብዬ ለማየት ነበር። እስከ ዛሬ ሥራ ላይ አልከዳኝም፤ ነገ ላለመክዳቱ ግን ምስክር የለኝም። ሰኞ ለአለቆቼ እናገራለሁ። አንቺን በዚህ እጅ አልነካሽም።"

አዳዳ ሞሚና ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። "እኔ እኮ እርስዎን ብዬ ነው ያረገዝኩት" አለች።

አዲስ የመጣ ወጣት ሐኪም እንዳለ፣ ራሱ አጠገቡ ቆሞ እንዳሠራው፣ እጁም ጥሩ እንደሆነ ነገራት። አላውቀውም አለች። እኔ አውቀዋለሁ አላት። እንግዲያው እርስዎም ይግቡ አለችው። ገብቼ ምን ላደርግ ሲላት፣

"ምንም አያድርጉ። ይግቡና አጠገቤ ይቁሙ" አለችው።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እማዬ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ፣ የጠረገችውን በረንዳ መልሳ ትጠርጋለች። በመንገድ ከጎባ የሚመጣ ሚኒባስ ባየሁ ቁጥር ወደ አጥሩ እሮጣለሁ። የማላውቀውን ወጣት ሐኪም ፈራሁ፣ ስልኩ ይጮሃል ብዬ ፈራሁ፣ አይጮህም ብዬም ፈራሁ። አባዬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ከፊቱ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ወንድ ልጅ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አለና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እማዬ አጠገቡ ተቀመጠችና ቀኝ እጁን ወስዳ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። አልደበቀባትም።

አዳዳ ሞሚና ከሆስፒታል ስትወጣ ልጠይቃት ገባሁ። ከወገቧ በታች ብቻ ነው ያደነዘዟት፤ ራሷ ነቅታ ነበር። ሆዷን እንዳታይ ፊቷ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ጋርደውባታል። አባዬ ራስጌዋ ቆሞ፣ ልጁ እስኪያለቅስ ድረስ እጇን ይዟት እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ሁሉ ወሬ እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር። ያን ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችና አየችኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ በምን አውቃለሁ?" አለችኝ። "የእኔም እኮ እየተንቀጠቀጠ ነበር።"